ቀይ ቀበሮን ለማዳን የመንደር ውሻ መከተብ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ ነው። ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «ያደግሁት ጓሳ ከሚባለው የደጋ ሣር ሜዳ አጠገብ ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግልገሎቹ አፍንጫው ሥር ሲጫወቱ ዞር ብሎም አያያቸውም። ለምንድን ነው? ሌላው ጥያቄዬ፣ ቀበሮውን ለማዳን ተብሎ የመንደር ውሻ ይከተባል፣ የሣር አጨዳና የግጦሽ ሕግ ይወጣል። ቀበሮውን ለማዳን ራሱን ቀበሮውን መጠበቅ አይበቃም ወይ? አጥር ይሠራለት፤ ወይም እንደ ስድስት ኪሎ አንበሶች ግቢ ውስጥ ይራባ። ደግሞስ ቢጠፋ እኛን ምን ይጎድልብናል?»

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ሦስቱም የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። ከጭላዳው ልጀምር።

ያዩት ነገር በጥናትም ተመዝግቧል። ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እዚያው ጓሳ ላይ ቀበሮዎቹን ሲከታተል ነበር። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር ከመቶ 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው። አይጥ እየለቀመ ለሚኖር እንስሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሁለት ምክንያት ይሰጣል። ጭላዳ ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ ሣር የሚነጭ እንስሳ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች አንድ ሜዳ ላይ ሲነጩ ሥር ያሉት አይጦች ሊረበሹና ሊወጡ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ በዚያ ሁሉ ቡናማ ጸጉር መሀል ቀበሮው ለአይጥ ዓይን ጎልቶ አይታይም። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ምክንያቱም ጭላዳ በሌለበት በባሌ ቀበሮዎች በከብት መንጋ መሀል ተደብቀው ሲያድኑ ታይተዋል። የሚፈልጉት የሚንቀሳቀስ መሸሸጊያ ይመስላል።

ግልገሉን የማይነካው ደግ ስለሆነ እንዳይመስልዎ። ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ቀበሮ ግልገል ነጥቆ ሲሮጥ አይተዋል። ጭላዳዎቹ ተባብረው አሳደዱት፣ ግልገሉን አስጣሉት፣ ከዚያ በኋላም ወደ መንጋው እንዳይጠጋ አባረሩት። ለአንድ ጉርሻ ብሎ የዘወትር የአደን ቦታውን አጣ ማለት ነው። ሌሎቹ ቀበሮዎች በመንጋው መሀል ሲገቡ አረማመዳቸው እንኳን ይለወጣል። ዝግ ብለው፣ ሳይደነግጡ፣ ሳያስደነግጡ ያልፋሉ። ጭላዳዎቹም ይህን ለይተው ያውቃሉ። ያው ጭላዳ የመንደር ውሻ ሲያይ ወደ ገደሉ ነው የሚፈረጥጠው። ይህችን ውሻ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጭላዳው በምላሹ ምን ያገኛል? ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። አይጥም ጭላዳም ሣር ስለሚሻሙ አይጥ ሲቀንስ ጭላዳው ትንሽ ይጠቀማል የሚል ይኖራል። እኔ ብዙም አያሳምነኝም። አንዱ ይጠቀማል፣ ሌላው አይጎዳም። በቃ። በተፈጥሮ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጉርብትና ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቀይ ቀበሮ ሲያዩት የትልቅ አዳኝ ቁመና አለው። እግሩ ረጅም፣ ፊቱ ሹል፣ ጸጉሩ ቀይ። ኑሮው ግን በአይጥ ላይ የቆመ ነው። በባሌ ከሚበላው ውስጥ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ነው። በመንጋ ይኖራሉ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ አብረው ወጥተው ድንበራቸውን ይዞራሉ። አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። አንድ አይጥ ለሁለት አይበቃማ።

ባሌ ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለ ፍልፈል አለ። ትልቁ ፍልፈል እንበለው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ ራሱን ብቅ አድርጎ ሰማይና ሜዳውን መቃኘት ይችላል። ግማሽ አካሉን ከጉድጓድ ያወጣል፤ አፉ የደረሰበትን ሣርና ቅጠል ነጭቶ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ዙሪያው ሲያልቅበት ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ቀበሮው ይህን ያውቃል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እየቆመ እየተራመደ ይቀርባል። ፍልፈሉ ብቅ ያለባት ቅጽበት ናት የቀበሮው ዕድል።

በነገራችን ላይ ይህን ፍልፈል ያደነው ቀበሮ ብቻ አይደለም። በባሌ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ። በ2019 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚያ እየኖሩ ፍልፈሉን በእሳት እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ያ ሁሉ ብርድ ላይ ሰው እንዴት ኖረ ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ትልቅ ክፍል ይህ እንስሳ ነው። እኛ «አይጥ» ብለን የምንንቀው ማለቴ ነው።

ፍልፈሉ ሲቆፍር አፈር ይገለብጣል። ከታች ያለው አፈር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ፍግና ሣር ወደ ታች ይገባል። መሬቱ ይናፈሳል። በተቆፈረው አፈር ላይ የሚበቅለው ተክል ካልተቆፈረው ይለያል። አፈሩ ሲገለበጥ የሚወጡትን ነፍሳት ለመልቀም ትንንሽ ወፎች ይከተሉታል። የድሮው ጉድጓድ ለሌሎች አይጦች ቤት ይሆናል። ባሌ ውስጥ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ የሚሄድ ጎብኚ ዓይኑ ቀበሮ ፍለጋ ይባዝናል፤ ሜዳውን እንዲህ ያደረገው ግን ከእግሩ ሥር ያለው ቆፋሪ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው «አዳኝ እንስሳ ከላይ ሆኖ ሁሉን ይቆጣጠራል» የሚለውን ትምህርት ሰምቷል። ትምህርቱ እውነተኛ መሠረት አለው። ሮበርት ፔይን የሚባል አሜሪካዊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ ካለ አለት ላይ የባሕር ኮከብ የሚባሉ እንስሳትን እየለቀመ ወደ ባሕር ወረወረ። የባሕር ኮከብ ቅርፊት ለባሽ እንስሳትን ይበላል። እሱ ሲጠፋ አንዱ ዝርያ አለቱን ሁሉ ወረረው። መጀመሪያ 15 ዓይነት እንስሳት የነበሩበት አለት 8 ብቻ ቀሩበት። አንድ አዳኝ ስንቱን እንደሚያኖር የታየው በዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ በአሜሪካ ያለው የየሎስቶን ፓርክ ተኩላዎች ታሪክ መጣ። በ1995 እ.ኤ.አ. ተኩላዎች ከካናዳ ተወስደው ፓርኩ ውስጥ ተለቀቁ። አጋዘን ቀነሰ፣ ዛፉ አገገመ፣ ወንዙ እንኳን ተስተካከለ ተባለ። ታሪኩ ያምራል። ለኔ ግን ትንሽ ከመጠን በላይ ያምራል። አጋዘኑን የቀነሱት ተኩላዎች ብቻ አይደሉም፤ ድቦችም ነበሩ፣ አዳኝ ሰዎችም ነበሩ። ዛፉም በሁሉም ቦታ አላገገመም። ሥነ ምህዳር አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ሁሉ ነገር የሚበራበት መሣሪያ አይደለም።

ይህን ያነሳሁት ለእኛ ደጋ ጉዳዩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። በባሌና በጓሳ ኃይሉ በብዛት ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ዝናብና ጉም ሣሩን ያበቅላል። ሣሩ አይጡን ያኖራል። አይጡ ቀበሮውን ያኖራል። አይጥ በበዛበት የባሌ ሜዳ የቀበሮዎቹ ብዛት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ያህል ይደርሳል። አይጥ በሳሳበት ቦታ አንዱ መንጋ በጣም ሰፊ መሬት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስለ ቀበሮ ስናወራ ስለ ሣር እያወራን ነው። የእርስዎ የአጨዳ ሕግ እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ጓሳ ሣር ለእርስዎ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ለዝናብ ገሳ ነው። ለአይጥ ደግሞ ጣሪያም ግድግዳም ነው። ጉብ ጉብ ብሎ በሚያድገው ሣር ሥር አይጡ ከውርጭም ከጭልፊትም ይደበቃል። ሣሩ በየዓመቱ ከሥሩ ከታጨደ ወይም ከብት ሌት ተቀን ከረገጠው መሸሸጊያው ይሳሳል፣ ጉድጓዱም ይደረመሳል። ይህ ማለት ግን ከብት የረገጠው ሁሉ ይበላሻል ማለት አይደለም። በልክ የሆነ ግጦሽ ብዙም ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል። የሚጎዳው እረፍት የሌለው ግጦሽ ነው።

የመንዝ አባቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በራሳቸው ሕግ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይከፈታል። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ይጠብቁታል፣ የደፈረ ይቀጣል። ዓላማቸው ክዳን ማግኘት ነበር፤ ለቀበሮ ብለው አላደረጉትም። ግን ሣሩ ስላረፈ አይጡ ኖረ፣ አይጡ ስለኖረ ቀበሮው ኖረ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳ ክፉኛ ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ቦታ በሕዝቡ የሚጠበቅ ሆኗል። እና «ሕግ ያወጣሉ» ሲሉ ከውጭ የመጣ ነገር አስመስለው ነው የጻፉት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕጉ የአያቶችዎ ነው።

አሁን ወደ ውሻዋ።

ሰው ሁሉ ቀበሮን የሚገድለው ጥይት ወይም ረሃብ ይመስለዋል። በጅምላ የጨረሰው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. በባሌ ቀበሮዎቹ ረገፉ። በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው ባሌ ባለው የዌብ ሸለቆ በሽታው ተመልሶ መጣ፤ እዚያ ይታወቁ ከነበሩት ቀበሮዎች ከየአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ። በጥቂት ወራት ውስጥ። ከዚያም በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደጋገመው። ሌላ ደግሞ ዲስተምፐር የሚባል የውሻ በሽታ አለ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. እሱም ባሌ ገብቶ ነበር። በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳን እንደማይሞሉ ሲያስቡት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። ከነዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። አንድ ክፉ ዓመት ይበቃል።

ቀበሮዎች ለዚህ በሽታ የተጋለጡት በፍቅራቸው ነው ማለት ይቻላል። መንጋው ጠዋት ሲገናኝ ይላላሳል፣ ይሳሳማል፣ አፍ ለአፍ ይነካካል። ቡችሎቹን የምትወልደው አንዲት ሴት ናት፤ የሚመግቡት ግን ሁሉም ናቸው። አንዱ ከታመመ ሁሉም ታመሙ። ጎረቤት መንጋ ጋ ደግሞ በድንበር ጠብ ይደርሳል።

ቀበሮ ግን በሽታውን ለዘለቄታው አያቆየውም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ቫይረሱ የሚገድለውን ገድሎ ራሱም ይከስማል። የሚያቆየው ውሻ ነው። በየመንደሩ ብዙ ውሻ አለ፣ ቡችላ ይወለዳል፣ ቫይረሱ ሁልጊዜ አዲስ ማረፊያ ያገኛል። ስለዚህ ቀበሮውን ብቻ መጠበቅ ማለት ምንጩን ትቶ የታመመውን ማልቀስ ነው።

ታዲያ ውሻ እዚያ ከፍታ ላይ ምን ያደርጋል? ይህ ነው የኔ ተወዳጅ ክፍል። እረኛው ውሻ የሚያስከትለው ለጌጥ አይደለም። ጅብ አለ። ጅቡ ጥጃና በግ ይበላል፣ ውሻው ይጮሃል። ከብቱ ደግሞ እዚያ የወጣው ታች ያለው መሬት ስለታረሰ ነው። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ታርሷል ተብሎ ይገመታል። ገብስ ሽቅብ ይወጣል፣ ከብት ገብስን ሽሽት ሽቅብ ይወጣል፣ ጅብ ከብትን ተከትሎ ይወጣል፣ ውሻ ለጅብ ይወጣል፣ ቫይረሱ በውሻ አፍ ይወጣል፣ ቀበሮው ይሞታል። ይህን ሰንሰለት ያላየ ሰው «ውሻውን ግደለው» ይላል። ውሻው ቢገደል እረኛው በወሩ ሌላ ያመጣል። ጅቡ አልሄደማ። ይባስ ብሎ የተከተበ ውሻ ሞቶ ያልተከተበ ቡችላ ይተካል።

ስለዚህ ክትባት። ውሻው ሥራውን ይሠራል፣ እረኛው በጉን ያድናል፣ ቫይረሱ ማረፊያ ያጣል። ልጆችም ይድናሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ለቀበሮ ተብሎ የመጣ ክትባት የእረኛውን ልጅ ይጠብቃል። ስለ ጥበቃ ሥራ ሰው ሲያማርር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህኛው ግን የአካባቢው ሰው ምንም የማያጣበት ነው።

የውሻ ክትባት ብቻውን ግን አልበቃም። ውሻ ከሩቅ ወረዳ ከከብት ጋር ይመጣል፣ በየዓመቱ ብዙ ቡችላ ይወለዳል፣ ሁሉን ማዳረስ ከባድ ነው። ስለዚህ ቀበሮዎቹንም መከተብ ተጀመረ። መጀመሪያ ሲሠራ የነበረው በሽታው ከገባ በኋላ ነው። ቀበሮዎቹን በወጥመድ እየያዙ መርፌ መውጋት። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ዓይነት ነገር። ቢሆንም ከ2003 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ አንድ ጠቃሚ ትምህርት ተገኘ። ሁሉንም ቀበሮ መከተብ ግዴታ አይደለም። ሸለቆና ሸለቆን የሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን መንጋዎች ከከተቡ በሽታው ወደ ቀጣዩ ሜዳ አይሻገርም። ይህ በ2006 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ ይሰጣል። በልተው ይከተባሉ። ወጥመድም መርፌም የለም።

ሌላም የውሻ ጣጣ አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። በዌብ ሸለቆ ሴት ቀበሮ ከወንድ ውሻ ጋር ተዳቅላ የወለደችበት ጊዜ ነበር። የአንድ ዝርያ እንስሳት በጣም ጥቂት ሲቀሩ መዳቀልም አንድ የመጥፊያ መንገድ ነው። ደግሞ ግራጫው ቀበሮ፣ መንደር ዳር የምናየው፣ የቀዩ ተፎካካሪ ነው። ክፍት በሆነው የሣር ሜዳ ቀዩ ይበረታል፣ ያባርረዋል። ሰው ሠፍሮ መሬቱ ሲበላሽ ግን የሚመቸው ለግራጫው ነው። እርሻ ሲገባ ቀዩ የሚያጣው መሬት ብቻ አይደለም፤ የበላይነቱንም ነው።

አጥሩንና ግቢውን በተመለከተ። ዛሬ በዓለም ላይ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ቀይ ቀበሮ የለም። ለአጭር ጊዜ መያዝና ማከም ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች እግሩ የተሰበረ ቀበሮ ተገኝቶ፣ በጎጆ ታክሞ፣ ድኖ ተለቋል። «ተረፈ» ብለው ስም አወጡለት። እኔም ስሰማ ደስ ብሎኛል። ማከምና ማራባት ግን ይለያያሉ። ግቢ ውስጥ የተወለደ ቀበሮ ፍልፈል እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በጭላዳ መሀል እንዴት እንደሚታለፍ፣ የትኛው መንጋ ድንበር የት እንደሆነ ከማን ይማራል? ይህ ሁሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚተላለፍ እውቀት ነው። አንበሳው ስድስት ኪሎ ውስጥ አንበሳ ይመስላል። ሥራውን ግን አይሠራም።

ይህን ስል ትዝ ያለኝ የአበባው ጉዳይ ነው። በደጋችን ሲያብብ ሜዳውን ቀይና ቢጫ የሚያደርገው ረጅም አበባ አለ። አንዳንዱ አሸንዳ ይለዋል፣ አንዳንዱ የዝንጀሮ አገዳ። ወለላው ይጣፍጣል። የባሌ እረኛ ልጆች ይልሱታል፤ ሰዎች ለቡናና ለቂጣ ማጣፈጫም ያደርጉታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኅዳር ውስጥ በወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮዎችም እንደሚልሱት ታወቀ። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። አፍንጫው በቢጫ ዱቄት ይሸፈናል። ወለላ ለመላስ አበባ ለአበባ የሚዞር ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ትልልቆቹ ቡችሎቹን ወደ አበባው ሜዳ ይዘዋቸው ሲሄዱም ታይተዋል። አበባውን የሚያራቡት በዋናነት ወፎችና ነፍሳት ናቸው። ቀበሮው ግን ያን ዱቄት ይዞ ወደ ቀጣዩ አበባ ይሄዳል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጽሑፍ ያልሰፈረ ግንኙነት ነው። አጥር ውስጥ ቢሆን ኖሮ አናየውም ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ቢጠፋ ምን ይጎድልብናል?

አይጥ ወርሮ ገብስዎን ይጨርሳል ብዬ አላስፈራራዎትም። የሚል ሰው ካጋጠመዎት በጥርጣሬ ይስሙት። አይጥን የሚበሉ ብዙ ናቸው። ንስርና ጭልፊት አለ፣ ግራጫው ቀበሮ አለ። ብርዱና የሣሩ መጠንም አይጡን ይገድቡታል። ክርክሬን በፍርሃት ላይ አልገነባም።

የምለው ሌላ ነው። የሎስቶን ተኩላዋን ስታጣ ከካናዳ አመጣች። ቀይ ቀበሮን ከየት ነው የምናመጣው? ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም። በሸዋው ጎሽ ሜዳ ጠፍቷል። በጎጃሙ ጮቄ ጠፍቷል። ከተራራ ተራራ እንዳይሻገር መሀሉ እርሻና መንደር ነው። ስለዚህ አንድ ተራራ ላይ ከጠፋ በራሱ አይመለስም።

ሌላው ደግሞ ሜዳው ነው። ለቀበሮው ተብሎ የሚጠበቀው ሣርና ረግረግ ውኃ ይይዛል። ከባሌ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ያጠጣሉ። ባሌ በ1970 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሆኖ ተቋቋመ፣ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የጓሳም ምንጮች ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ቀበሮው ቢጠፋ ሣሩ በማግስቱ አይደርቅም፤ ይህን ማጋነን አያስፈልግም። ነገር ግን ሣሩን የሚጠብቀው ገንዘብና ትኩረት የሚመጣው በአብዛኛው በቀበሮውና በጭላዳው ስም ነው። ጎብኚው ሣር ለማየት አይመጣም። ቀበሮው ከሌለ ለፍልፈል የሚከራከር ማን አለ?

እርስዎ ከመንዝ ስለሆኑ በእጅዎ ያለውን ልንገርዎ። ውሻ ካለዎት በክትባት ቀን ይዘውት ይውጡ፤ ቡችላም ቢሆን። ሲከተብ የሚሰጥዎትን ወረቀት አይጣሉት። ወደ ጓሳ ሲወጡ ሥራ ከሌለው ውሻዎን ቤት ያስቀሩት። የግድ ካስፈለገ ከመንጋው አይራቅ። የሞተ ከብት ወይም በግ ሜዳ ላይ አይጣሉ፤ ውሻና ቀበሮ አንድ ጥንብ ላይ የሚገናኙት እንዲህ ነው። የሚንገዳገድ፣ ሰው የማይፈራ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ቀበሮ ወይም ውሻ ካዩ አይጠጉት፣ ሬሳውንም ቢሆን በእጅ አይንኩ። በዚያው ቀን ለጓሳ ጠባቂዎች ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ። በሽታው ከገባ በኋላ በክትባት መግታት የሚቻለው ወሬው በፍጥነት ከደረሰ ነው። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡና በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።